ቦነስ፣ ፕሮ ቦኖ፣ ቤላ፦ አንድ የላቲን ቅጽልና ዘር ማንዘሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከመጡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ፣ ጠያቂዎቹ ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ላይ ገጠሙ። አንዱ ስለ ቦነስ ይጠይቃል፣ አንዷ ስለ ልጇ ስም፣ ሌላው ደሞ ስለ ሩማኒያ ሰላምታ፣ ግን ሁሉም ስር ያለው ያው አንድ የላቲን ቅጽል ነው፣ ቦኑስ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ እንዳለ ለሱ ሰጥቼዋለሁ፣ ደሞም ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ከአዳማ ነው የምጽፈው፣ የባንክ ሰራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ሂሳብ ተዘግቶ የቦነስ ወሬ ሲጀመር አንዱ ባልደረባችን "ቦነስ እኮ የላቲን ቃል ነው፣ ተጨማሪ ገንዘብ ማለት ነው" አለ፣ ሌላዋ ደሞ "ኧረ እንግሊዝኛ ነው" አለችና ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉ ላቲን ነው፣ ገንዘቡ ግን እንግሊዝኛ ነው። የሮም ሰዎች ቦኑስ ሲሉ ጥሩ፣ ደግ፣ መልካም ማለታቸው ነው፣ ውስጡ የብር ሽታ የለበትም። ጎበዝ ገበሬም ቦኑስ ነው፣ ታማኝ ጓደኛም ቦኑስ ነው። ገንዘቡ የገባበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለንደን ላይ ነው፣ የአክሲዮን ገበያ ሰዎች ከተጠበቀው ትርፍ በላይ የሚሰጥን ነገር በላቲን አሳምረው "ጥሩ ነገር" ሊሉት ፈለጉና ቦነስ አሉት። ላቲን የሚያውቅ ሰው ግን "ጥሩ ነገር" ማለት ቢፈልግ ቦኑም ነበር የሚለው፣ ምክንያቱም ቦኑስ የወንድ ጾታ ነው፣ ለብቻው ሲቆም "ጥሩ ሰው" ነው የሚሆነው። እናም እናንተ በየዓመቱ አካውንታችሁ ላይ የምትጠብቁት ገንዘብ ስሙ በላቲን "ጥሩው ሰውዬ" ነው። ከለንደን ወደ ሌላው ዓለም ቢሮ ሲሰራጭ ማንም አላረመውም፣ እኛም ጋ እንደዛው ገባ።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፣ ምክንያቱም የዚህ ቃል አመጣጥ በጣም ደስ ይላል። ቦኑስ መጀመሪያ በ"ቦ" አይጀምርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ሃይንሪሽ ድሬሰል የሚባል ጀርመናዊ ምሁር ሮም ከተማ፣ ኩዊሪናል ኮረብታ ላይ ሦስት ትንንሽ እንስራዎች አንድ ላይ የተያያዙበት የሸክላ ዕቃ አገኘ። ዕቃው ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ይገመታል፣ ዙሪያውን ደሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ጽሑፍ አለበት። ከጽሑፉ ከፊሉ ምሁራንን እስከዛሬ ያከራክራል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ "ዱዌኖስ ሜድ ፌኬድ" ይላል። ዱዌኖስ ሰራኝ ማለት ነው፣ ዕቃው ራሱ እየተናገረ። ዱዌኖስ የሸክላ ሰሪው ስም ነው የሚሉ አሉ፣ "ጥሩ ሰው ሰራኝ" ማለት ነው የሚሉም አሉ፣ በየትኛውም ብትሄድ ግን ቃሉ ያው የኋላው ቦኑስ ነው። እዛው ጽሑፍ ላይ "ማሎስ" የሚል ቃልም አለ፣ ክፉ ማለት ነው፣ ጥሩና ክፉ አንድ ገል ላይ ጎን ለጎን ማለት ነው።

ከዛ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዝለልና ስኪፒዮ የሚባለው የሮም መኳንንት ቤተሰብ መቃብር ውስጥ ግባ። እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ259 ኮንሱል፣ ማለትም የሮም ከፍተኛ ሹም፣ የነበረው ሉኪዩስ ኮርኔሊዩስ ስኪፒዮ የመቃብር ድንጋዩ ላይ የሮም ሰው አብዛኛው በአንድ ቃል የተስማማበት "ዱዎኖሮ ኦፕቱሞ" ተብሎ ተጽፎለታል፣ ከጥሩዎች ሁሉ ምርጡ ለማለት። ዱዌኖስ የነበረው ዱዎኖስ ሆኗል፣ ቀጥሎ ነው ቦኑስ የሚሆነው።

"ዱ" እንዴት "ቦ" ይሆናል ብትለኝ፣ ዷ የምትለዋን ፊደል ቀስ ብለህ በላት፣ ምላስህ ድ ላይ እያለ ከንፈርህ "ው" ለማለት ይሞጠሙጣል። ሮማውያን በጊዜ ብዛት የምላሱን ስራ ተዉትና ከንፈሩን ብቻ አስቀሩ፣ ከንፈር ብቻ ሲቀር ብ ሆነ። ይሄ ደሞ በቦኑስ ብቻ የደረሰ አይደለም፣ "ዱዊስ" የነበረው "ቢስ" ሆነ፣ ሁለቴ ማለት ነው፣ እኛ ብስክሌት እና ብስኩት ስንል መጀመሪያ ላይ ያለችው ብ ያቺው ናት፣ አንዱ ሁለት ጎማ፣ አንዱ ሁለቴ የበሰለ። ስለ ጦርነት የሚለው "ዱዌሉም"ም "ቤሉም" ሆኗል፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ ምክንያቱም አንዲት እናት ጨንቋት ጽፋለች።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ከጎንደር። ትምህርት ላይ ፕሮ ቦኖ ይላሉ፣ ቦና ፊዴ ይላሉ፣ አንዳንዴ ደሞ ቦኑም የሚል አያለሁ። ይሄ ሁሉ አንድ ቃል ነው? ከሆነ ለምን ቅርጹ ይቀያየራል?

መልስ፦ አንድ ቃል ነው፣ እህቴ። የዚህ አምድ ዋና ነገርም ይሄው ነው፣ ከላቲን የተረፉልን ቃላት እያንዳንዳቸው ያ ቅጽል ከለበሳቸው ብዙ ቅርጾች በአንዱ ላይ እንዳለ ደርቀው የቀሩ ናቸው።

በአማርኛ ጥሩ አይንቀሳቀስም፣ ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ሴት፣ ጥሩ ሰዎች፣ ጥሩ ውሃ፣ በቃ ጥሩ ነው። ግዕዝ የቀመሰ ሰው ግን ቶሎ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ግዕዝ ለወንድ ሠናይ፣ ለሴት ሠናይት፣ ለብዙ ወንዶች ሠናያን፣ ለብዙ ሴቶች ሠናያት ይላል፣ ተሳቢ ሲሆን ደሞ ሠናየ። ላቲን ይሄንኑ መንገድ የበለጠ አርቆ ሄዶበታል። ጾታው ሦስት ነው፣ የወንድ፣ የሴት፣ እና ከሁለቱም ያልሆነ። ቁጥሩ ሁለት ነው፣ ነጠላና ብዙ። ሙያው ደሞ ስድስት ነው፣ ባለቤት ሲሆን፣ ሲጠሩበት፣ የማን እንደሆነ ሲነገር፣ ለማን እንደሆነ ሲነገር፣ ተሳቢ ሲሆን፣ እና እኛ "በ" ወይ "ከ" ብለን የምንገልጸው ሲሆን። ሦስት በሁለት በስድስት ብታባዢው 36 ቦታ ይወጣል። 36 ቦታ ቢኖርም ግን ብዙ ቦታዎች አንድ ቅርጽ ይጋራሉ፣ ተጽፈው የሚለያዩት 13 ብቻ ናቸው፦ ቦኑስ፣ ቦኔ፣ ቦኑም፣ ቦኒ፣ ቦኖ፣ ቦና፣ ቦናም፣ ቦናይ፣ ቦኖስ፣ ቦናስ፣ ቦኖሩም፣ ቦናሩም፣ ቦኒስ። ላቲን ለሚጀምር ተማሪ የመጀመሪያ ሳምንት ሸክም ይሄ ነው፣ ሆኖም አንዴ ከያዝሽው በዚህ መልክ የሚሄዱ ሌሎች ቅጽሎችን በጠቅላላ ያዝሻቸው ማለት ነው፣ ስለዚህ ድካሙ ይክሳል።

እንግዲህ ያንቺን ቃላት እንያቸው። ፕሮ ማለት "ስለ፣ ለ" ነው፣ ከሱ በኋላ የሚመጣ ቃል የግድ የ"በ/ከ" ቅርጹን ይለብሳል፣ ቦኑም የነበረው ቦኖ ይሆናል። ሙሉው "ፕሮ ቦኖ ፑብሊኮ" ነው፣ ለሕዝብ ጥቅም። የጠበቆች ሕጋችንም ጠበቃ ለአቅመ ደካማ በነፃ እንዲቆም ግዴታ የሚጥልበት ይሄንን ሐሳብ ይዞ ነው። ቦና ፊዴ ደሞ ፊዴስ፣ ማለትም እምነት፣ በላቲን የሴት ጾታ ስለሆነች ቅጽሏም ሴት ሆኖ መጣ፣ "በጥሩ እምነት"።

ይቺን ቃል ደሞ አንቺ በየቀኑ በአማርኛ እያነበብሻት ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር፣ ፈረንሳይኛው "ቦን ፍዋ" የሚለው ያው የላቲኑ ቦና ፊዴስ ነው፣ የኛ ተርጓሚዎች "ቅን ልቦና" አሉት። ለኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም የለም፣ ልብን አስገብተውበታል፣ ቦና ከሚለው ድምጽ ጋር መገጣጠሙ ደሞ አጋጣሚ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ሕግ ተማሪ ስለሆንሽ ይጠቅምሻል። ቦና ለብዙ ነገር ሲሆን "ጥሩ ነገሮች" ነው፣ ሮማውያን ግን በዚህ ቃል ንብረት ማለት ጀመሩ። የወንዱ ብዙ ቦኒ ደሞ "ጥሩ ሰዎች" ሆኖ ሳለ፣ የሮሙ ፖለቲከኛና ተናጋሪ ኪኬሮ በነበረበት ዘመን ሴናቱን፣ የመኳንንቱን ሸንጎ፣ የሚደግፉ፣ ሀብትና ርስት ያላቸው ወገኖች ራሳቸውን የሚጠሩበት የፖለቲካ ስም ሆነ። ይሄን በትኩረት እዪው፣ ባለንብረቱ ቦኒ፣ ንብረቱም ቦና። ጥሩነትን ለባለሀብት ብቻ የቆረሰ ቋንቋ ድሃውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ግልጽ ነው፣ እኔ ይሄንን ስጽፍ ዛሬም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ደሴ። ተማሪዎች ጉድ ካሉ በኋላ ለምን ቤተር እና ቤስት እንደሚመጣ ሲጠይቁኝ "እንዲሁ ነው" ነው የምላቸው። ላቲንም እንዲህ ነው? ከቦኑስ የመጣ ነው?

መልስ፦ አቶ መምህር፣ ላቲንም ልክ እንዲህ ነው፣ ግን አንዱ ከሌላው አልመጣም። ጥሩ ቦኑስ ነው፣ የተሻለ ሜሊዮር ነው፣ ከሁሉ የተሻለ ኦፕቲሙስ ነው፣ ሦስቱም ከተለያየ ስር የበቀሉ ናቸው። ሜሊዮር ጥንት የብዛትና የብርታት ትርጉም ካለው ስር ነው፣ ኦፕቲሙስ ደሞ ሀብት፣ አቅም ከሚለው "ኦፕስ" ጋር ይያያዛል። የእንግሊዝኛዎቹ ግን የጀርመን ቤተሰብ ቃላት ናቸው፣ ከላቲኑ ጋር በጠባይ ነው እንጂ በደም አይገናኙም።

ለተማሪዎችዎ ግን "እንዲሁ ነው" ከማለት የራሳቸውን ቋንቋ ያሳዩዋቸው። "ነው" የሚለውን ኃላፊ አድርጉት ሲሏቸው "ነበር" ይላሉ፣ ትንቢት ሲሏቸው "ይሆናል"፣ ሦስቱም ከተለያየ ስር የመጡ ናቸው። "መጣ" ብለው ደሞ ትዕዛዝ ሲያደርጉት "ና" ነው፣ ማንም "ምጣ" ብሎ ጓደኛውን አይጠራም። ቋንቋዎች በጣም የሚዘወተሩትን ቃላት ነው እንዲህ የሚያደርጉት፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አፍ ላይ ያለ ቃል ሕግ ሳያስፈልገው በልምድ ብቻ ይያዛል፣ አልፎ አልፎ የሚነሳው ቃል ግን ሕጉን ካልተከተለ ይረሳል። ላቲን ክፉ የሚለውንም እንዲሁ አድርጎታል፣ ማሉስ፣ ፔዮር፣ ፔሲሙስ።

ኦፕቲሙስና ፔሲሙስ ሲባል ኦፕቲሚስትና ፔሲሚስት ጆሮዎ ላይ ደወሉ አይደል? ኦፕቲሙስ ሮም ውስጥ ትልቅ ክብር ነበረው፣ ካፒቶሊን ኮረብታ ላይ ያለው የዋናው አምላካቸው ሙሉ ስም "ዩፒተር ኦፕቲሙስ ማክሲሙስ" ነበር፣ ከሁሉ የሚሻል፣ ከሁሉ የሚበልጥ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1710 ላይብኒትዝ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ እግዚአብሔር ሊፈጥራቸው ይችል ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የሚሻለውን፣ ኦፕቲሙሙን፣ ነው የመረጠው ብሎ ጻፈ። በ1737 "የትሬቩ መጽሔት" የሚባለውን ያዘጋጁ የነበሩ ፈረንሳውያን ኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ ማኅበር አባላት፣ ይሄንን ትምህርት "ኦፕቲሚዝም" ብለው ሰየሙት፣ ስሙን ያወጡትም ሊተቹት ነው። በ1755 ሊዝበንን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወድማት ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር ትምህርቱን አጥብቆ ተቃወመ፣ ቃሉም በዛ ክርክር አውሮፓን አዳረሰ። ዛሬ "ነገ ይሻላል" የሚል ሰውን ኦፕቲሚስት ስንል የፍልስፍናው ክርክር ወድቆ ተስፋው ብቻ ነው የቀረን።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። ልጄን ቤላ ብዬ ስም አወጣሁላት፣ ቆንጆ ማለት ነው ብዬ። አሁን አንድ ዘመድ "በላቲን ጦርነት ማለት ነው" ብሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሰላም ተኚ፣ ስምሽ ትክክል ነው። ዘመድሽ ያምታታቸው ሁለት ቃላት ናቸው። አንደኛው ከላይ ያልኩት ዱዌሉም ነው፣ ጦርነት፣ በኋላ ቤሉም የሆነው፣ ብዙ ሲሆን ቤላ ይላል፣ ዘመድሽ ያየውም እሱን መሆን አለበት። የልጅሽ ስም ግን ቤሉስ ከሚለው ቅጽል ነው፣ ለሴት ቤላ። ቤሉስ ደሞ የቦኑስ ማቆላመጫ ነው፣ ከጥንቱ ዱዌኖስ ላይ የማሳነሻ ጭራ ተቀጥሎበት የተፈጠረ፣ እኛ "ጥሩዬ" ብንል እንደሚሆነው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ለልጆችና ለሴቶች ነበር የሚሉት፣ የደስ ደስ ያለው፣ የሚያምር ለማለት። ሁለቱም ቃላት በ"ዱ" ይጀምሩ ስለነበር ሁለቱም ብ ሆኑና ፊታቸው ተመሳሰለ፣ በዘር ግን አይነካኩም።

የሚገርመው፣ ከሁለቱ የተረፈው ቆንጆው ነው። ቤሉም በሕዝቡ አፍ ሞተ፣ ጣልያኑም ስፔኑም ጦርነትን "ጌራ" ይላሉ፣ ፈረንሳዩ "ጌር"፣ ይሄ ከጀርመን ጎሳዎች የተወሰደ ቃል ነው፣ ብዙ ሊቃውንት ቤሉም የጠፋበት አንዱ ምክንያት ከቤሉስ ጋር መምታታቱ ነው ይላሉ። ጥንታዊው "ዱ" ዛሬ ሁለት ሰዎች የሚታኮሱበትን ፍልሚያ "ዱኤል" በሚለው ቃል ውስጥ ቀርቷል። ቤሉስ ግን የላቲንን ዋና የቁንጅና ቃል፣ ፑልኬርን፣ ራሱን ከሕዝቡ አፍ አስወጥቶ ጣልያንኛ ቤሎ፣ ፈረንሳይኛ ለወንድ "ቦ"፣ ለሴት "ቤል" ሆነ፣ የእንግሊዝኛው ቢዩቲ እንኳን ከዚሁ ነው። ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ ቡካሬስት ነው የተማርኩት። ሩማኒያዎች ሰላም ሲሉ "ቡነ" ይላሉ፣ እኛ ተማሪዎች ቡና እያሉን ነው እያልን እንስቅ ነበር። ዝምድና ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ የለውም ጋሼ። ቡና የኛው ነው፣ የዓረብኛው "ቡን" ዘመድ። የሩማኒያው ቡነ ግን የላቲኑ ቦና ነው፣ ወንዱን ቡን ሴቷን ቡነ ይላሉ። ሰላምታው ሴት የሆነው "ዚዋ"፣ ቀን፣ እዛ የሴት ጾታ ስለሆነች ነው፣ "ቡነ ዚዋ"፣ መልካም ቀን፣ ሲያጥር ቡነ ብቻ ይቀራል። ሜሊዮርን ደሞ ሩማኒያዎች ጥለውታል፣ የተሻለ ለማለት "ማይ ቡን" ይላሉ፣ "ይበልጥ ጥሩ" እንደማለት፣ እርስዎም ያስታውሱታል ብዬ አስባለሁ።

ሌሎቹን ወንድማማቾች እንያቸው፣ እያንዳንዱ አገር በራሱ አፍ ነው የለወጠው። ጣልያንና ስፔን "ቦ" ላይ ሲጫኑ ድምጹ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ብዎኖ ሌላው ብዌኖ አለ። ፈረንሳይ ጭራውን ቆርጦ ቦን ብቻ አስቀረ፣ ን ራሷም አፍንጫ ውስጥ ገባች። ፖርቱጋል በሁለት አናባቢ መሃል ያለች ን አትወድም፣ ስለዚህ ቦና ቦዓ ሆነች፣ ወንዱ ቦም። ሰርዲኒያ ግን ቦኑ ይላሉ፣ ለአሮጌው በጣም የቀረበ ነው።

እነዚህ ቃላት የዓለም ካርታ ላይም ተጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1488 ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜው ዲያስ የዞረው የደቡብ አፍሪካ ርእሰ ምድር "ቦዓ ኤስፔራንሳ" ነው የተባለው፣ መልካም ተስፋ። በ1536 ፔድሮ ደ ሜንዶዛ የቆረቆራት ቡዌኖስ አይሬስ ደሞ ስሟን ያገኘችው ሰርዲኒያ ካሊያሪ ውስጥ መርከበኞች ከሚማፀኑባት የቦናሪያ እመቤታችን ነው፣ መልካም አየር፣ ለሸራ መርከብ መልካም ነፋስ ማለት ነበር። ናፖሊዮንም የቤተሰብ ስሙ ብዎናፓርቴ ነበር፣ በ1796 አንዷን ፊደል አውጥቶ በፈረንሳይ ለዛ ቦናፓርት አደረገው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የቦናንዛን ታሪክ ነው። ግሪኮች ባሕር ሲተኛ "ማላኪያ" ይላሉ፣ ልስላሴ፣ ላቲኖች ቃሉን ወሰዱት። የሜዲትራኒያን መርከበኞች ግን መጀመሪያው ላይ ያለውን "ማል" ማሉስ፣ ክፉ፣ ነው ብለው ሰሙት፣ ታዲያ ማዕበል የሌለበት ባሕር እንዴት ክፉ ይባላል ብለው "ማል"ን በ"ቦን" ቀየሩትና ቦናኪያ አሉት። በስፔን አፍ ቦናንዛ ሆነ፣ ጸጥ ያለ ባሕር፣ ቀጥሎም የቀና ዕድል። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የማዕድን ቆፋሪዎች ቃል ሆነና እ.ኤ.አ. በ1873 ኔቫዳ፣ ቨርጂኒያ ሲቲ ላይ ትልቁ የብር ክምችት ሲገኝ "ትልቁ ቦናንዛ" ተባለ። ግሪክኛ ሆኖ የተወለደ፣ በስህተት ላቲን የሆነ፣ ስፔናዊ ሆኖ አድጎ አሜሪካ ላይ የከበረ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም እናቴ ያበጠባትን ነገር አይቶ "ቢናይን ነው፣ አትስጉ" አለን። ይሄም ከዚህ ቤተሰብ ነው እንዴ? ሌላም ልጨምር፣ ሙሶሊኒ ቤኒቶ የሚለው ስሙ ቡሩክ ማለት ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አዎ ሁለቱም ከዚህ ቤት ናቸው። ቦኑስ ግስ ላይ ሲለጠፍ፣ እኛ "በደንብ፣ በመልካም" በምንልበት ቦታ፣ ቤኔ ይሆናል፣ የጥንቱ ዱዌኖስ "ኤ" ድምጽ እዚህም ላይ ተርፏል። ቤኒግኑስ በመልካም የተወለደ፣ ጠባዩ ገር ማለት ነው፣ ማሊግኑስ ተቃራኒው፣ ሐኪሞች የማይዛመተውን ዕጢ በአንዱ፣ የሚዛመተውን በሌላው ይጠሩታል።

ቤኔዲክቱስ ደሞ "መልካም የተነገረለት" ነው፣ ቡሩክ። ስፔኖች ቤኒቶ አሉት፣ የሙሶሊኒ አባት ልጁን የሰየመው በሜክሲኮው ፕሬዚዳንት በቤኒቶ ሁዋሬዝ ነው፣ ድሃ ሆኖ ተነስቶ አገሩን ከወራሪ የተከላከለ ሰው። ልጁ ያደረገውን እኛ እናውቃለን፣ በ1928 ወረረን፣ የመርዝ ጋዝ አስረጨብን፣ የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደም ዛሬም ይዘከራል። ስሙን የተሸከመው ሰው ነው የሚጠየቀው፣ ቃሉ ግን በስንት ደግ መነኩሴ ስም ላይ ያለ ንጹሕ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ሚላኖ አረጋዊት እንከባከባለሁ፣ ጣልያንኛ እየተማርኩ ነው። አንዴ ብዎኖ፣ አንዴ ብዎን፣ አንዴ ቤል፣ አንዴ ቤሎ ይላሉ፣ ግራ ገባኝ። መቼ ነው የቱን የምለው?

መልስ፦ ቁልፉ አጭር ነው እህቴ። ብዎኖ ከስሙ በፊት ሲመጣ "ኡን" የሚለውን ቃል፣ አንድ ማለት ነው፣ ይመስላል። "ኡን" በምትይበት ብዎን ትያለሽ፣ ብዎን ጆርኖ፣ ብዎን አሚኮ። "ኡኖ" በምትይበት ብዎኖ፣ ብዎኖ ስቱዴንቴ። ለሴት "ኡና" ካልሽ ብዎና፣ ብዎና ሴራ። ቤሎ ደሞ "ኢል"ን፣ እኛ "ልጁ" ስንል መጨረሻ ላይ የምንጨምረውን የሚመስለውን ቃል፣ ነው የሚመስለው፣ "ኢል" ባለበት ቤል ጆርኖ፣ "ሎ" ባለበት ቤሎ ስቱዴንቴ፣ አናባቢ ከተከተለ ቤልዎሞ፣ ብዙ ሲሆን ቤይ ባምቢኒ፣ ቤልዪ ኦኪ። "ነው" ከሚለው በኋላ ሲመጣ ግን ለነጠላ ሙሉውን ነው የምትይው፣ ኢል ካፌ ኤ ብዎኖ፣ ቡናው ጥሩ ነው።

የተሻለ ለማለት ሚልዮሬ በዪ፣ የሜሊዮር ልጅ ነው፣ ስለ ምግብና ስለ ሰው ደግነት ሲሆን "ፒዩ ብዎኖ"ም ይላሉ፣ አያፍሩበትም። እጅግ በጣም ጥሩ ለማለት ኦቲሞ አለልሽ፣ ይሄ ኦፕቲሙስ ነው፣ አረጋዊቷ ያበሰልሽውን ቀምሰው ኦቲሞ ካሉሽ ዩፒተርን ይጠሩበት በነበረው ቃል ነው ያመሰገኑሽ።